የሰርቨር ክፍል ሙቀትና የማስጠንቀቂያው ወሰን

የንግድ ቤት የሽያጭና የዕቃ መዝገብ በሰርቨር የሚጠበቅ ከሆነ፥ የክፍሉም ሙቀት ሊጠበቅ ይገባል። መብራት በጠፋ ጊዜ ሰርቨሩ በባትሪ ሲሠራ፥ ባትሪ የሌለው የአየር ማቀዝቀዣ ይቆማል፤ ሙቀቱም ወዲያው መጨመር ይጀምራል። ስለዚህ ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰርና መልእክት የሚልከው መሣሪያ ከባትሪው ጋር መያያዝ አለባቸው።

ሴንሰሩ የሚሰቀለው በበር አጠገብ ወይም በማቀዝቀዣው ፊት ሳይሆን፥ ሰርቨሩ አየር በሚስብበት በኩል ነው። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ለዚሁ አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመክራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በ27፥ የአደጋው ጥሪ በ30 ቢወሰን፥ ሠራተኛው እስኪደርስ ፋታ ይገኛል።

በር በተከፈተ ቁጥር ደወሉ እንዳይጮኽ፥ ሙቀቱ ለ2 ደቂቃ ያህል ሲቀጥል ብቻ እንዲያስጠነቅቅ ማድረግ ይበጃል። በከንቱ የሚጮኽ ደወል በእውነተኛው አደጋ ቀን ሰሚ ያጣልና።