ሳይዘጋጁ የተነሡ የመንገድ ፎቶግራፎችን ስለ መከርከምና ስለ ማረም
(በሉማሜ ገበያ ከተነሣ አንድ ፎቶግራፍ በመነሣት)

ሉማሜ በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ደጀን ላይ የወጣ መንገደኛ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ያገኛታል። በገበያ ቀን ጤፍና ስንዴ የጫኑ አህዮች፥ አይሱዙ መኪናዎች፥ ባጃጆችና እግረኞች በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው ይህ ሀብትም ነው፥ ችግርም ነው። ሀብትነቱ የሚነሣ ነገር ስለማይጠፋ ሲሆን፥ ችግርነቱ ደግሞ አንዱን ለማንሣት ሲሞከር ሌሎች ዐሥር ነገሮች አብረው ስለሚገቡ ነው።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ቦታ፥ ሰዎች ሳይዘጋጁ የተነሣ ፎቶግራፍ በኋላ በመከርከምና በማረም እንዴት እንደሚሻሻል ለመግለጽ የተዘጋጀ ነው። መከርከም ማለት ከተነሣው ምስል ከጠርዙ የማይፈለገውን ቆርጦ ማስቀረት ነው። በስቱዲዮ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ወንበሩንም መጋረጃውንም ሰውየውንም አስቀድሞ ስለሚያስተካክል ብዙ መከርከም አያስፈልገውም። በመንገድ ላይ ግን «እባክዎ ትንሽ ወደዚያ ይበሉ» ማለት አይቻልም፤ ከተባለም ፎቶግራፉ ሌላ ዐይነት ይሆናል። ስለዚህ የመንገድ ፎቶግራፍ አንሺ ቅንብሩን የሚጨርሰው ከመንገዱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ሥራው ቀድሞ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነበር። ማጉያው ከፍ ሲል ምስሉ ይሰፋል፥ ከወረቀቱ ውጭ የወደቀውም ይቀራል። ዛሬ ያው ሥራ በእጅ ስልክ በሁለት ጣት ይፈጸማል። ቢሆንም ዋጋ አለው። ወርዱ 4000 ቁመቱ 3000 ነጥብ የሆነ ምስል በወርዱም በቁመቱም በግማሽ ቢከረከም የሚቀረው ሩቡ፥ ማለት 3 ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ነው። ይህም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሒሳብ ሲታተም 17 በ13 ሳንቲ ሜትር ያህል ወረቀት ይሞላል፤ ለአልበም ይበቃል፥ ለግድግዳ ግን አይበቃም። የተንጋደደ ምስል ሲቃናም ከአራቱ ማዕዘን ይቆረጣል፤ ስለዚህ በሚያነሡበት ጊዜ ጥቂት ትርፍ ቦታ መተው ብልህነት ነው።

ስለ አቆራረጡ ብዙ ደንብ ይነገራል፤ ከነዚህ መካከል እኔ የምይዘው ጥቂቱን ነው። ሰውን በቁርጭምጭሚት፥ በጉልበት ወይም በእጅ አንጓ ላይ መቁረጥ አካሉ የጎደለ ያስመስለዋል። በእኛ አገር በዚህ ላይ የዱላ ነገር ይጨመራል። የጎጃም ገበሬ ሲሄድ ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ያንጠለጥልበታል። ይህን ሰው ቀጭንና ረጅም አድርጎ የሚከረክም ሰው የዱላውን ሁለት ጫፍ ስለሚቆርጥ፥ እጆቹ በአየር ላይ የተሰቀሉ ይመስላሉ። ለእንዲህ ያለው ሰው ወርዱ የሰፋ ምስል ይስማማዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። በአንድ የገበያ ቀን በሉማሜ መንገድ ዳር ቆሜ አንድ ፎቶግራፍ አነሣሁ። በመካከል ቁምጣ የለበሰና ጋቢ የደረበ አንድ አዛውንት ዱላውን ወደ ግራ ሰንዝሯል። ከፊቱ ጃንጥላ የያዘች ሴት መንገዱን ታቋርጣለች። በግራው ጠርዝ ላይ ጆንያ የተጫኑ ሁለት አህዮች ግማሽ አካላቸው ይታያል፤ ከነሱም ኋላ የአንድ አይሱዙ አፍንጫ ገብቷል። ከላይ የመብራት ምሰሶና ሽቦ አለ። ምስሉ የተዝረከረከ ስለ መሰለኝ ግራውን ከነአህዮቹ ከነአይሱዙው ቆረጥኩት። የቀረው በእውነቱ ያማረ ነበር፤ ዱላው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ተጋድሞ፥ ጃንጥላው ክብ ሆኖ ከሥሩ ተቀምጧል።

የከተማው ተወላጅ ለሆነ ጓደኛዬ ባሳየው ጊዜ «ሰውየው ሴቲቱን ለምን ይመታታል?» አለኝ። አዛውንቱ ዱላውን የሰነዘረው ወደ አይሱዙው የገቡትን አህዮቹን ለመመለስ ነበር። እኔ የቆረጥኩት የዱላውን ምክንያት ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ፈልጌ አገኘኋቸውና «አባቴ፥ እርስዎን አንሥቼ ነበር፤ ይዩት» ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። ብዙ ጊዜ ተመለከቱና «ልጄ፥ አህዮቼን የት አደረስካቸው?» አሉኝ። ጥቂት ቆይተውም «ይህን አገር አይቶታል?» ብለው ጠየቁኝ። ከጓደኛዬ በቀር ማንም እንዳላየው ነግሬ ከፊታቸው ደመሰስኩት።

ታዲያ መከርከም ራሱ ስሕተት ነውን? አይደለም። በዚህ መስክ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን ፎቶግራፉ እንዲከረከም የማይወድ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ በ1932 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከሴን-ላዛር ባቡር ጣቢያ በስተጀርባ ያነሣው፥ ያቆረ ውሃ ሲዘል የሚታየው ሰው ዝነኛ ፎቶግራፍ የተከረከመ ነው። በሳንቃ አጥር ክፍተት በኩል ስላነሣው ሳንቃው በምስሉ ጎን ገብቶ ነበር። ሳንቃው ከዘላዩ ሰው ጋራ ምንም ጉዳይ ስለሌለው መቆረጡ ማንንም አልበደለም። የኩባው አልቤርቶ ኮርዳ በ1960 እ.ኤ.አ. በሃቫና ያነሣው የቼ ጌቫራ ፎቶግራፍ ግን ከዚህ ይለያል። በኔጋቲቩ ላይ በአንድ ወገን የሌላ ሰው ፊት፥ በሌላው ወገን የዘንባባ ቅጠል ይታያል። ሁለቱ በተቆረጡ ጊዜ፥ በመርከብ ፍንዳታ ለሞቱ ሰዎች በተደረገ የሐዘን ሥነ ሥርዓት ላይ የቆመው ሰው ቦታና ቀን የሌለው ዐርማ ሆነ።

ከአገራችን ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የቆረጠው ግርማ በርታ ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች የሚያልፉ ሰዎችን በእጅ ስልክ አንሥቶ፥ መንገዱን በሙሉ አስወግዶ ሰውየውን ከነጥላው በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀምጠዋል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ድጎማ ከተሰጣቸው ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ ነበር። በእኔ አስተያየት በዚህ ሥራ ማንም አይታለልም፤ መንገዱ እንደ ወጣ ቀለሙ ራሱ ይናገራልና። የእኔ አቆራረጥ ግን ምልክት አልነበረውም፤ ተመልካቹ አህያ እንደ ጎደለ በምን ያውቃል?

ስለ ብርሃን ማረምም አንድ ነገር ልጨምር። በደጋው ፀሐይ ጋቢና ነጠላ የበዛበት ምስል ካሜራውን ያሳስተዋል፤ ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚጥር ነጩን ሲያጠቁር ፊቱን አብሮ ያጨልመዋል። የጨለመውን ፊት በኋላ በመጠኑ ማብራት ይቻላል፤ ብርሃን በዝቶበት ነጭ ብቻ የሆነ ነጠላ ግን ጥለቱም ፈትሉም ስለ ጠፋ በምንም መንገድ አይመለስም። ስለዚህ ወደ ጨለማው ማዘንበል ይሻላል።

ያንን ፎቶግራፍ እንደ ገና ስከረክመው ከላይ ሰማዩንና ሽቦውን፥ ከታች ባዶውን አስፋልት ብቻ አነሣሁ። ግራውን አልነካሁትም። ወርዱ ከቁመቱ እጥፍ የሚበልጥ ምስል ሆነ፤ የመጀመሪያውን ያህል አያምርም፤ የአይሱዙው አፍንጫም አሁንም ዐይን ይስባል። የአዛውንቱን ፊት ጥቂት አበራሁና አሳትሜ ወሰድኩላቸው፤ አህዮቻቸውን በጣታቸው ቆጥረው ተቀበሉኝ። ሴቲቱን ግን እስካሁን አላገኘኋትም። ፊቷ በጃንጥላው ጥላ ስለ ተከለለ ማን እንደ ሆነች አይለይም፤ ማብራት ቢቻልም እስክጠይቃት ድረስ ያንን ጥላ እንዳለ ትቼዋለሁ።