ለጀማሪ የሚሸጥ የውኃ ተክል

ዓሣ በመስታወት ገንዳ ማኖር የጀመረ ደንበኛ፣ መጀመሪያ የገዛው ተክል ቢበሰብስበት ወደዚያው ሱቅ አይመለስም። ስለዚህ ነጋዴው ለጀማሪ ብዙ ብርሃን የማይሻውን ተክል ማቅረብ ይገባዋል። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሚገኘው አኑቢያስ፣ በጃቫ ደሴት ስም የሚጠራውም የእስያ ፈርን ለዚህ የተመረጡ ናቸው። ሁለቱም በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ በክር ይታሰራሉ እንጂ ወፍራሙ አግዳሚ ግንዳቸው በአሸዋ አይቀበርም፤ ቢቀበር ይበሰብሳልና።

ደግሞም ከእነዚህ ተክሎች ብዙዎቹ በሚባዙበት ሥፍራ ከውኃ በላይ ያደጉ ስለ ሆኑ፣ ገንዳ በገቡ ጊዜ አሮጌው ቅጠል ሊጠወልግ ይችላል። ግንዱ ጠንካራ ከሆነ ግን አዲስ ቅጠል ያወጣል። ይህን አስቀድሞ ለገዢው የነገረ ባለሱቅ ከክርክር ይድናል፤ ደንበኛውም ይጸናለታል።