ከደሴ እስከ ውጫሌ በብስክሌት

ከደሴ ተነስቶ በቦሩ ሜዳ፣ በሐይቅ ከተማና በሱሉላ በኩል ውጫሌ የሚደርሰው አስፋልት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ የሚሄድ መንገደኛ እንቅልፍ ሳይጠግብ ይደርሳል። ብስክሌተኛ ግን የወሎን ምድር አቀማመጥ በጉልበቱ ይማረዋል፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ የውኃውን መንገድ ተከትለው የተሠሩ ናቸውና።

የዚህ አገር ውኃ ሦስት ቦታ ይሄዳል። ከመንገዱ በስተምዕራብ፣ ከአምባሰልና ከኩታበር ከፍታ ወዲያ የሚዘንበው ዝናብ ወደ በሽሎ ይወርድና ከዓባይ ጋር ሜዲትራኒያን ድረስ ይጓዛል። በስተምሥራቅ የወደቀው በሚሌ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ሦስተኛው ውኃ የትም አይሄድም። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሎጎ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለም። በአንድ ቀን ፔዳል ምታት ሦስቱንም ማወቅ የሚቻልበት መንገድ በቀላሉ አይገኝም።

ጉዞው በከፍታ ይጀምራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ከቆላ የመጣ ጋላቢ ትንፋሹ ቶሎ ስለሚያጥረው በቀላል ማርሽ መጀመር አለበት። ቦሩ ሜዳ ላይ እግር ያርፋል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት በዚህ ስፍራ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየዞረ ይወርዳል። ጀማሪ ብስክሌተኛ ፍሬኑን ይዞ ላለመልቀቅ ይፈተናል፤ ልምድ ያለው ግን ከኩርባው በፊት ይዞ ኩርባው ላይ ይለቃል፤ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ይግላል፣ የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል።

ሐይቅ ከተማ ሲደርሱ መቸኮል ተገቢ አይደለም። ሐይቁ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። ወደ ውኃው ዘልቆ የገባው ምድር ጥንት ደሴት ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚሁ ምድር ላይ ባለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበሩ። ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ሆነው የሚጓዙ ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ከሱሉላ ወዲያ የአምባሰል ተራሮች በግራ በኩል ይቆማሉ። ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች አንዱ በዚህ ምድር ስም ይጠራል። ውጫሌም በታሪክ የታወቀች ናት፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውልና ወደ ዓድዋ ያመራው 17ኛው አንቀጽ በስሟ ይነሳሉ።

ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ ስፖርት አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 24ኛ ሲወጣ፣ ቡድኑ 9ኛ ሆኗል። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከካይሮ ኬፕታውን የሚሄደው ቱር ዲ አፍሪክ የተባለው ጉዞ ኢትዮጵያን ያቋረጠው በጎንደርና በባሕር ዳር አድርጎ የዓባይን በረሃ በመውረድ ነው። ወሎ በዚያ ካርታ ላይ አልነበረም፤ ይህ ሊያስቆጭ ይገባል።

ለጉዞው ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ክረምቱ አልፎ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው። ጎሚስታ በየከተማው ቢገኝም የብስክሌት ከመነዳሪ በልኩ ላይገኝ ስለሚችል ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ፓምፕና ተጨማሪ ካቴና መያዝ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን የሰላሙ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ሐይቅንና ውጫሌን ሲያዳርስ ሕዝቡ በዚሁ አስፋልት ነበር የተፈናቀለው፤ ዛሬም ቢሆን ለመነሳት ያሰበ ሰው የመንገዱን ጸጥታ ከአካባቢው ሰዎች ሳይጠይቅ መውጣት የለበትም። መንገዱ ሲከፈት ከውጫሌ በውርጌሳና በመርሳ በኩል ወልዲያ መድረስ ይቻላል፤ ወደ ላሊበላ መታጠፍ ወይም ወደ ራያ መቀጠል የሚወሰነው እዚያ ነው።