ያውቁ ኖሯል? ወህኒ ቤት ውስጥ የተቀዳው አልበም

ጆኒ ካሽ ዝነኛውን የካንትሪ አልበሙን የቀዳው ስቱዲዮ ገብቶ ሳይሆን በካሊፎርኒያው የፎልሰም ወህኒ ቤት መመገቢያ አዳራሽ፣ እስረኞች ፊት ቆሞ ነው፤ ጥር 4 ቀን 1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1968)። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ሲባል ከባንዱ ጋር በአንድ ቀን ሁለቴ ተጫወተ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአልበሙ መዝጊያ ዘፈን ነው። ደራሲው ግሌን ሸርሊ እዚያው የታሰረ ሰው ነበር። ካሽ ዘፈኑን የሰማው በዋዜማው ማታ ነው፤ ወዲያው አጠናው። በማግስቱ ሸርሊ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ፣ ያልጠበቀው የገዛ ዘፈኑ ከመድረክ ተንቆረቆረለት!

በመክፈቻው ዘፈን ስለ ግድያ ከሚናገረው ስንኝ ቀጥሎ የሚሰማው የደስታ ጩኸት ግን የእስረኞቹ አይደለም፤ ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። እነሱ ጠባቂዎች እያዩዋቸው እዚያ ቦታ ላይ ለመጮህ አልደፈሩም።