በክረምት የትንንሽ አውሮፕላኖች አስተራረፍና የመስክ ሠራተኛው ድርሻ

መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ ወይም ድልድይ ሲፈርስ፣ ለሩቅ መጠለያ ጣቢያ መድኃኒትና አልሚ ምግብ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በትንሽ አውሮፕላን ነው። ይሁንና መንገዱን የቆረጠው ዝናብ አውሮፕላኑንም የሚፈትን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባልና የረሀብ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ሚኪ ሌላንድ የተሳፈሩበት ባለ ሁለት ሞተር ትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ፉኚዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲያመራ፣ በመጥፎ የአየር ጠባይ ከተራራ ጋር ተጋጨ። ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ሲሆን፣ ከተሳፈሩት 16 ሰዎች አንድም የተረፈ አልነበረም። ይህ በረራ እንደሚያሳየው አደጋው ከመንደርደሪያው ጫፍ አይጀምርም፤ ወደ ማረፊያው በሚያደርሰው ተራራና ሸለቆ ላይ አስቀድሞ ይጠብቃል።

በአብዛኞቹ የመስክ ማረፊያዎች አውሮፕላንን በደመና ውስጥ መርቶ የሚያወርድ የራዲዮ መሣሪያ የለም። ስለሆነም አብራሪው መሬቱን በዓይኑ እያየ መውረድ አለበት። ደመናው ዝቅ ሲል ከሥሩ ሆኖ ሸለቆውን ይከተላል። ወደ ፊት በሄደ መጠን ግን መሬቱ ከፍ ይላል፣ ደመናው ባለበት ይቆያል፣ ግራና ቀኙም ይጠብባል። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 30 ዲግሪ አዘንብሎ ወደ ኋላ ለመመለስ 900 ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልገዋል፤ ፍጥነቱ 250 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ። ከዚህም የተነሣ የመመለስ ውሳኔ ሸለቆው ገና ሰፊ ሳለ ካልተወሰነ ኋላ የሚወሰን ነገር አይኖርም።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። በ2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ አውሮፕላኑ መሬት የሚነካው በበለጠ ፍጥነት ነው፤ ለመቆምም የዚያኑ ያህል የረዘመ ሜዳ ይሻል። በዚህ ላይ እርጥብ ሣር ፍሬኑን ያዳክማል፤ የራሰ ዋልካ አፈር ደግሞ ጎማውን ውጦ አውሮፕላኑን በአፍንጫው ሊተክለው ይችላል።

እዚህ ላይ የጣቢያው ሠራተኛ ድርሻ ይመጣል። ስለ አየሩ በራዲዮ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ደህና ነው» ይላል፤ ክትባት ወይም እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ሌላ መልስ ለመስጠት ይከብደዋልና። ይህ ቃል ለአብራሪው አንዳች አይነግረውም። የሚጠቅመው የታወቀ ምልክት ነው፦ በስተምሥራቅ ያለው ኮረብታ ጫፉ ይታያል ወይስ ተሸፍኗል? ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ዛፍ ይለያል? ጢስ ወደየት ያዘነብላል? ሜዳውን በእግር የሄደበት ሰው ጫማው ምን ያህል ሰመጠ? ከብቶችስ ተነሥተዋል?

ጭነቱን የሚወስነው ኃላፊም ድርሻ አለው። ለመመለሻ የሚያዝ ነዳጅ የጭነት ቦታ ይወስዳልና እህል ጨምሮ ነዳጅ ለመቀነስ ይፈተናል። እንዲህ ያለው ቁጠባ አብራሪውን በግድ እንዲያርፍ ከማዘዝ ተለይቶ አይታይም።

በክረምት ነጎድጓድ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ በረራው ጠዋት ቢደረግ ይመረጣል። ሆኖም የማለዳ ጉም ሸለቆውን ሞልቶ ሊቆይ ስለሚችል የአየሩ መረጃ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ተልኮ፣ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው እንደገና መነገር አለበት።