ሚያዝያ 1985፦ የኤርትራ ሪፈረንደም ተረትና እውነታ

ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ ቡና ሊጠጣ የተቀመጠ ሰው ከአጠገቡ ትግርኛ መስማቱ አይቀርም፤ ኤርትራውያን ከሚኖሩባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች አንዱ ነው። ወሬው ወደ ሪፈረንደሙ ሲዞር ግን ተረቱ ከእውነታው ጋር ይደባለቃል።

«ኤርትራን የገነጠላት አንቀጽ 39 ነው» የሚለውን ቀን በመቁጠር ብቻ ማፍረስ ይቻላል። ድምፅ የተሰጠው ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ሲሆን የመገንጠል መብት የሚሰጠው ይህ አንቀጽ ያለበት የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው። አንቀጹን የሚጠላ ሌላ ክስ ይፈልግለት።

«ድምፁ ነው የለያየን» የሚሉም አሉ። ለኤርትራ ነጻነት ሲዋጋ የነበረው ሻዕቢያ አስመራ የገባው ግንቦት 16 ቀን 1983 ነው፤ ኤርትራ ከዚያ ጀምራ ሁለት ዓመት ያህል በራሷ ጊዜያዊ መንግሥት ስትተዳደር ቆይታለች። ሪፈረንደሙ በጦር ሜዳ ያለቀውን ነገር ሕጋዊ አደረገው። ያካሄደውም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አልነበረም፤ ድርጅቱ ታዘበ፣ ያስፈጸመው በዶክተር አማረ ተክለ የሚመራው የኤርትራ ሪፈረንደም ኮሚሽን ነው። ጥያቄው ኤርትራ ነጻ አገር እንድትሆን ትፈልጋለህ ወይ የሚል ነበር፣ መልሱም አዎ ወይም አይ። ከ1945 እስከ 1955 የተሞከረውን ፌዴሬሽን የሚመርጥበት ሳጥን አልተዘጋጀም። 99.8 በመቶ አዎ ማለቱን ስናነሳ ይህንንም አብረን ብናነሳ ደግ ነው።

እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥም 57,706 ሰው ድምፅ ሰጥቷል። ከእነዚህ 204ቱ አይ ብለዋል፤ እኔ ማነጋገር የምፈልገው እነሱን ነበር።

ብዙ ሰው የጎዳው ተረት ግን «ያኔ ድምፅ የሰጠ በዚያው ቀን የውጭ ዜጋ ሆነ» የሚለው ነው። እርግጥ ለመመዝገብ የኤርትራዊነት መታወቂያ ያስፈልግ ነበር። ሆኖም ድምፅ ሰጪው በማግስቱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን የነጠቀው አልነበረም፤ ወልዶ ከብዶ እንደ ጎረቤት ኖረ። ግንቦት 1990 በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሳ ያ መታወቂያ ማስረጃ ሆነበት። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ፤ ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ።

ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ያቋቋሙት የካሳ ኮሚሽን ሄግ ላይ ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 በሰጠው ውሳኔ፣ እነዚህ ሰዎች የኤርትራ ዜግነት ማግኘታቸውን ተቀበለ፤ የኢትዮጵያ ዜግነታቸው ግን በድምፁ ብቻ አልጠፋም፣ የሁለት አገር ዜጎች ነበሩ አለ። ለደኅንነት ያሰጋሉ ተብለው አንድ በአንድ ተጣርተው የተባረሩትን በተመለከተ ኢትዮጵያን አልወቀሰም። ሳይጣራ ዜግነታቸው የተነጠቀባቸውን በተመለከተ ግን ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ውሳኔው ሲነበብ፣ የመጀመሪያዎቹ ተባራሪዎች ወደ ድንበር በሚሄደው አውቶቡስ ከተሳፈሩ ስድስት ዓመት አልፏቸው ነበር።