የቢሮ ኮምፒውተርን ለጌም ለማብቃት ከካርዱ ስም በፊት ዋቱን መመልከት ያሻል

ከመሥሪያ ቤት አገልግሎት የወጡ ኮምፒውተሮች ከአዲሶቹ ባነሰ ዋጋ ስለሚገኙ የብዙ ወጣቶች ምርጫ ናቸው። ለጽሑፍ ሥራ ብቁ ቢሆኑም ጌም ሲከፈትባቸው ምስሉ ይቆራረጣል። ምክንያቱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተዋሐደው የምስል ክፍል የራሱ ማኅደረ ትውስታ ስለሌለው የኮምፒውተሩን ራም ተጋርቶ መሥራቱ ነው። መፍትሔው ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። ይሁን እንጂ ሳይመረመር የተገዛ ካርድ በብዙ ድካም የተጠራቀመ ገንዘብን ከንቱ ሊያስቀር ይችላል።

ቀዳሚው መመዘኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ አቅሙ አነስተኛ ሲሆን ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ረጅሙ የካርድ መሰኪያ በደንቡ መሠረት እስከ 75 ዋት ያቀርባል፤ ከዚህ ያልበለጠ ኃይል የሚጠቀሙ አብዛኞቹ ካርዶች ሌላ ገመድ አያሻቸውም። በአንዳንድ አነስተኛ ኮምፒውተሮች ግን መሰኪያው ከ75 ዋት በታች እንዲሰጥ የተገደበ በመሆኑ የአምራቹን መመሪያ ማንበብ ይገባል።

ሁለተኛው መመዘኛ መጠን ነው። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ቁመቱ ያጠረ ካርድና ከእሱ ጋር የሚስማማ አጭር የብረት መያዣ ያስፈልጋል።

በዚህ ወሰን ውስጥ ካሉት መካከል ጂቲ 1030 የሚጠቀመው 30 ዋት ገደማ ሲሆን የሚበቃው ለቀላል ጌሞች ነው። ካርዱ በሁለት ዓይነት ማኅደረ ትውስታ ተሽጧል፤ ዲዲአር 4 የያዘው ጂዲዲአር 5 ከያዘው እጅግ ያዘግማል። እ.ኤ.አ በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋባይትና 75 ዋት ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ግን ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቅ አድርገው ሠርተውታል። በ2022 የወጣው አርኤክስ 6400 የሚጠቀመው 53 ዋት ብቻ ነው። ነገር ግን መረጃ የሚያመላልሰው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ በቆዩ ማዘርቦርዶች ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በ2024 የቀረበው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 በ70 ዋት ከእነዚህ ሁሉ የላቀ አቅም አለው።

የፍጆታው ማነስ በወርኃዊ ክፍያም ይታያል። ባለ 75 ዋት ካርድ በሙሉ አቅሙ በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀናት የሚጠቀመው 6.75 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 150 ዋት የሚጠቀም ካርድ የዚህን እጥፍ ይወስዳል።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ከማጭበርበርም ሊጠነቀቅ ይገባል። አሮጌ ካርዶች የውስጥ ሶፍትዌራቸው ተቀይሮ በጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ስም የተሸጡበት ጊዜ አለ። ጂፒዩ ዜድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የካርዱን ማንነት ስለሚያሳይ ክፍያ ከመፈጸም በፊት በሻጩ ፊት ማስፈተሽ ይመከራል።

ካርዱ ከተገጠመ በኋላ የስክሪኑ ገመድ ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ በካርዱ ላይ መሰካት አለበት። ይህ ከተዘነጋ ጌሙ በቀድሞው የምስል ክፍል ሊሠራ ስለሚችል፣ ባለቤቱ ደኅናውን ካርድ እንደ ብልሹ ይቆጥረዋል።